ያልሠራሁት ስድስት ሰዓት



ባለፈው ወር ከእሑድ አምልኮ በኋላ አንድ የኮሌጅ ተማሪ ወጣት ወደ ጎን ሳብ አደረገኝና፣ «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትቀየመኝ» አለኝ። «ቤተ ክርስቲያን ልትረዳን ከፈለገች ለምን ዝም ብላ አትከፍልልንም? ለምን ዶሮ ቤት ታስጠርገናለች?»

ሳቅሁ። ሳቄ ግን መልስ አልነበረም፤ እሱም እንዳልሆነ ገብቶታል። የዚያን ቀን «ሥራ ክቡር ነው» ምናምን ብዬ አሰናበትኩት። ቤቴ ገብቼ ሳስበው አፈርኩ። ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ እኔ ራሴ በእሱ ዕድሜ ጠይቄዋለሁ። ደግሞም በዚያ ዶሮ ቤት ውስጥ የሆነብኝን ነገር ከጥቂት ሰዎች በስተቀር የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልመልስለት።

ያደግሁት እዚሁ ቢሾፍቱ ነው። ያኔ ብዙ ሰው ገና ደብረ ዘይት ይላት ነበር። አባቴ ያረፈው እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። እናቴ ለሆቴሎችና ለመንደር ሱቆች እንጀራ እየጋገረች አሳደገችን። የአድዓ ጤፍ በአገር የታወቀ ነው ይባላል፤ እኛ ቤት ግን ጤፉ በየቀኑ እየተጋገረ ወጥቶ ለእኛ የሚተርፈው የምጣዱ ጠርዝ ላይ የተሰባበረው ነበር። 12ኛ ክፍልን ስጨርስ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ በጥቂት አመለጠኝ። በ2003 ዓ.ም. ከተማችን ውስጥ በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ለመማር ተመዘገብኩ።

የመንግሥትና የግል ተማሪን ልዩነት ያልቀመሰው ሰው አይረዳውም። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ጓደኛዬ በደንብ ቁጥር 91/1995 በመጣው የወጪ መጋራት ሥርዓት ውል ይፈርማል፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይማራል፤ ዕዳው የሚጠይቀው ተመርቆ ደመወዝ ሲይዝ ነው። ዕዳ ዕዳ ነው፣ ግን ይታገሣል። እኔ ግን መጀመሪያ ከፍዬ ነው ክፍል የምገባው። ወሩ ሲያልቅ 320 ብር ካልከፈልኩ ቅጣት አለ፤ ሁለት ወር ካለፈ ስሜ ከፈተና ዝርዝር ይወጣል። ነጥብ የጎደለው ልጅ ብዙውን ጊዜ ገንዘብም የጎደለው ቤት ልጅ መሆኑን ልብ በሉ።

እናም ሥራ ፈለግሁ። ቢሾፍቱ የሐይቅ ከተማ ናት፤ ቅዳሜና እሑድ የአዲስ አበባ ሰው ለሠርግ፣ ለመልስ፣ ለልደት፣ ለስብሰባ ይጎርፍባታል። በአንድ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል የቅዳሜና እሑድ አስተናጋጅ ሆኜ ተቀጠርኩ። ገንዘቡ መጥፎ አልነበረም፣ ጉርሻም ነበረው። ብርጭቆ ከተሰበረ ግን ማንም ይስበረው ከሁላችንም ይቆረጥ ነበር። እሱንም ቻልኩት። ያልቻልኩት እሑድ ጠዋትን ነው። ትሪ ይዤ በሣር ላይ ስመላለስ ከወዲያ ማዶ የአምልኮ ድምፅ ማጉያ በነፋስ ተቆራርጦ ይመጣል። ዜማውን አውቀዋለሁ፤ ቃሉ ግን አይሰማኝም። ከዚያ አንዱ እንግዳ ያጨበጭብና «ወንድም፣ ሂሳብ!» ይለኛል። አምስት ወር እንደዚህ አለፈ። በሦስተኛው ወር ዜማው መምጣት አለመምጣቱን እንኳ መስማት ተውኩ። አሁን ሳስበው የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

አንድ ማክሰኞ ማታ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቤታችን መጡ። ሁላችንም «ጋሼ» ብቻ ነው የምንላቸው። ከአየር ኃይል በጡረታ የወጡ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ናቸው፤ አነጋገራቸውም እንደ ጥገና መመሪያ አጭር ነው። እናቴ ቡና ልታፈላ ስትነሣ «ተቀመጪ» አሏትና ወደ እኔ ዞሩ።

«የት ነህ?»

«ሥራ ላይ ነኝ ጋሼ። ለኮሌጅ ክፍያ ነው።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ስንት ነው ክፍያው?» ብለው ከኪሳቸው ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጡ። ጻፉ። «ስንት ሰዓት ትሠራለህ? ስንት ሰዓት ታጠናለህ?» እሱንም ጻፉ። «ደህና እደሩ» ብለው ወጡ። ጸሎት እንኳ አላደረጉም! እናቴ በኋላ፣ «ጌታን የሚያውቁ ሰው አይመስሉም እኮ» አለች። እሳቸው ግን በዚያ ሰሞን እንደዚያ እየዞሩ የአምስት ተማሪ ቤት ጽፈው ነበር።

ከወር በኋላ ጉዳዩ በጉባኤ ቀረበ። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ 150 የእንቁላል ዶሮ እናርባ፤ ተማሪዎቹ ይሥሩበት፤ በሰዓት 5 ብር ይታሰብላቸው፤ በሳምንት ከ10 ሰዓት አይለፍ ነው ሐሳቡ። ክርክሩን አልረሳውም። አንድ ወገን፣ «አምስት ልጆች ናቸው፤ አዋጥተን ብንከፍልላቸውስ? ለምን እናስለፋቸዋለን?» አለ። ያ ወጣት ባለፈው ወር የጠየቀኝ ማለት ነው። ሌላው ወገን ደግሞ ከዚያ የባሰ ጥያቄ ነበረው። መጀመሪያ በቀረበው የሥራ ዝርዝር ውስጥ አዳራሽ መጥረግና ወንበር መደርደር ነበረበት። አንዲት የመዘምራን እናት ተነሥተው፣ «እኛ የጌታን ቤት አሥራ ሁለት ዓመት በነጻ ጠርገናል። ዛሬ ለመጥረግ ደመወዝ ካለው የእኛው ምን ነበር?» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። እውነት ነበራቸው። አንድን አገልግሎት ለአንዱ በብር፣ ለሌላው በነጻ ብታደርገው ሁለቱንም ታበላሻለህ። አዳራሹ ከዝርዝሩ ወጣ። ዶሮው፣ የጽሕፈት ሥራው፣ ልጆችን ከሰዓት በኋላ ማስጠናቱ ቀረ። አዳራሹን እስከ ዛሬ ሁላችንም በነጻ እንጠርገዋለን።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሰጡት ጋሼ ናቸው። ሩትን አነሡ። በዘሌዋውያን 19 እግዚአብሔር ባለ እርሻው የማሳውን ዳር ጨርሶ እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውን ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተው ያዝዛል። አጭዶ፣ ወቅቶ፣ በከረጢት ቤታቸው ድረስ እንዲያደርስ አላዘዘም። ቦዔዝም ለሩት ያደረገው ይህንን ነው፤ እንዲያውም በምዕራፍ 2 ላይ አጫጆቹ ሆን ብለው ከነዶው እየመዘዙ እንዲተዉላት፣ እንዳይገሥጿትም ያዝዛል። ሩት ማታ ወደ ኑኃሚን የተመለሰችው በራሷ እጅ የቃረመችውን ተሸክማ ነው። ጋሼ ይህን ተናግረው፣ «እኔ ሰባኪ አይደለሁም፤ ግን ልጆቹ ተሸክመው እንዲገቡ ነው የምፈልገው» አሉና ተቀመጡ።

የዚያ ዓይነት ሐሳብ በእኛ ግቢ አልተጀመረም። ናዝሬት ላይ ሜኖናውያን ሚስዮናውያን በመሠረቱት የኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታል የድሬሰር ሠልጣኞች በሽተኛ እያገለገሉ ነበር የሚማሩት። አድቬንቲስቶች ደግሞ በየአገሩ በሚከፍቷቸው ትምህርት ቤቶች የእጅ ሥራን ከትምህርት ጋር ማጣመር የቆየ ልማዳቸው ነው፤ ከሻሸመኔ አጠገብ የኩየራውን የማያውቅ የለም። በአሜሪካ በኬንተኪ ግዛት በ1855 እ.ኤ.አ. ጆን ፊ በሚባል ባርነትን የሚቃወም ሰባኪ የተመሠረተ ቤርያ የሚባል ኮሌጅ አለ። ስሙ የሐዋርያት ሥራ 17 የቤርያ ሰዎች ስም ነው። ተማሪውን የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል። ሁሉም ስለሚሠራ ማንም «የድሃ ሥራ» አይለውም። የአሜሪካ መንግሥትም ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪ በግቢው እየሠራ እንዲማር ከደመወዙ የተወሰነውን የሚሸፍንበት ፕሮግራም አለው። ለተማሪነት ቪዛ ይዞ ለሚሄደው የእኛ ልጅ ደግሞ ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት በግቢው ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቀድለትም። የአክስቴ ልጅ እዚያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ ስትደረድር፣ «20 ሰዓቱ ሲያልቅ መደርደሪያው ግማሽ ቢሆን እንኳ ያስወጡኛል» ትለን ነበር። የእኛው ጋሼ ይህን ሁሉ አንብበው ይሁን አይሁን እንጃ። 10 ሰዓቱን ግን ያወጡት የእኔን የጥናት ሰዓት ከጻፉባት ከዚያች ትንሽ ደብተር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ከወር 200 ብር 160ው በቀጥታ ለኮሌጁ በደረሰኝ ይከፈላል፤ 40ው ለተማሪው በእጁ ይሰጣል። አንዳንድ ሽማግሌዎች ሙሉው ለኮሌጁ ይሂድ ብለው ነበር። ጋሼ እምቢ አሉ። «በእጁ ያልያዘውን ሰው እንዴት አድርጎ ይሰጣል?» አሉ። የመጀመሪያዋን 4 ብር አሥራት ሙዳዩ ውስጥ ስከት እጄ ተንቀጥቅጧል ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ሆቴል እያለሁ ከዚያ የበለጠ ጉርሻ አግኝቼ አውቃለሁ። እሑድ ግን እዚያ ስላልነበርኩ ሰጥቼ አላውቅም ነበር።

በሩ አጠገብ በሲባጎ የታሰረ መዝገብ ነበር። ቀን፣ ስም፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ የተሠራ ሥራ። የሚቆጣጠር ሰው የለም። ራስህ ትጽፋለህ፤ ከአንተ ቀጥሎ የሚገባው አንብቦ ከዚያ ይቀጥላል።

አሁን ወደምፈራው ቦታ ደረስኩ።

መጋቢት 2004 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛ ዓመት ነኝ። የመጋቢትን የቢሾፍቱ ሙቀት የዶሮ ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያላየው ሰው አያውቀውም። የአጋማሽ ፈተና ደርሷል፤ እናቴ ታማ ለሁለት ሳምንት አልጋገረችም። የወሩ ሂሳብ ሲደመር 30 ብር ይጎድለኛል። ሰኞ ዕለት ሁለት ሰዓት መሥራት ነበረብኝ፤ አልሄድኩም፤ ማክሰኞ ሄጄ ግን እንደሠራሁ አድርጌ ጻፍኩት። ቀላል ነበር። ማንም አላየም። ረቡዕ ጠዋት 12፡30 ወደ ኮሌጅ ሳልፍ ግቢው ገባሁና ገና ያልሠራሁትን አራት ሰዓት አስቀድሜ ጻፍኩ፤ «መጠጫ ታጥቦ ውሃ ተሞልቷል። ሰጋቱራ ተቀይሯል» አልኩ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተመልሼ እሠራዋለሁ፣ ስለዚህ ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይም እዚያው ነበርኩ። ስድስት ሰዓት በ5 ብር፣ 30 ብር። ሂሳቡ ልክ ገጠመ።

ይበልጥ የሚያሳፍረው ደግሞ ስመራመርበት የነበረው ትምህርት ኦዲቲንግ መሆኑ ነው። መምህራችን በዚያው ሳምንት፣ የሥራ ሰዓት መዝገብ ከማጭበርበሪያ በሮች አንዱ እንደሆነ አስተምሮን ነበር። በደንብ አጥንቼው ነበር፤ ፈተናው ላይም መጣ፤ ሙሉ ነጥብ አገኘሁበት።

ረቡዕ ማታ ተረኛዋ አንዲት የነርሲንግ ተማሪ እህት ነበረች። መብራት ጠፍቷል። መዝገቡን በስልኳ ብርሃን አንብባ፣ ውሃ መሞላቱን አምና፣ የፊተኛውን ክፍል እንቁላል ሰብስባ፣ መኖ ሰጥታ ሄደች። ወደ ጀርባው ክፍል በጨለማ ገብታ መጠጫ አልዳሰሰችም። ለምን ትዳስሳለች? ወንድሟ ሞልቻለሁ ብሎ ፈርሞላታል። ሐሙስ ጠዋት የግቢው ጥበቃ ሲከፍት አሥራ አንድ ዶሮ ሞቶ አገኘ። የቀሩትም ለሁለት ሳምንት እንቁላል ቀነሱ፤ ውሃ የተጠማ ዶሮ መጀመሪያ የሚተወው መጣሉን ነው።

መዝገቡ ተከፈተ። ረቡዕ ጠዋት ውሃ ተሞልቷል ይላል። መጨረሻ የገባችው እሷ ናት። ማታ መሙላት የነበረባት እሷ ናት ተባለ። «ሙሉ ነው ብዬ ነው» አለች። «አይተሽዋል?» «አላየሁም።» ነገሩ እስኪጣራ ከሥራው ገለል እንድትል ተነገራት።

እኔ እዚያ ነበርኩ፤ ቆሜ ሰማሁ። እሷ ወደ እኔ ዞር ብላ እንኳ አላየችም፤ አልጠረጠረችኝም። ቢያንስ ብትጠረጥረኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘጠኝ ቀን ዝም አልኩ። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ሁለት ጊዜ ኅብረት ላይ ጸሎት መርቻለሁ። ይህንን የምጽፈው ለማስደነቅ አይደለም፤ እንደሚቻል እንድታውቁ ነው። ሰው በአፉ እየጸለየ በልቡ 30 ብር መቁጠር ይችላል። በአሥረኛው ቀን 2ኛ ነገሥት 6ን እናጠና ነበር። የነቢያት ልጆች መኖሪያቸው ጠብቧቸው ዮርዳኖስ ወርደው ራሳቸው እንጨት ሲቆርጡ የአንዱ ምሳር ውሃ ውስጥ ይወድቃል። ተማሪዎች ናቸው እኮ! ለማደሪያቸው ራሳቸው የሚሠሩ ተማሪዎች። ልጁ የጮኸው ምሳሩ ስለጠፋ ብቻ አልነበረም፤ የተዋሰው ስለነበር ነው። ኤልሳዕም ብረቱን ከማንሳፈፉ በፊት አንድ ነገር ጠየቀው፤ የት ላይ እንደወደቀ። ልጁም ቦታውን አሳየው። ጥናቱን የሚመራው ወንድም ስለ ተአምሩ እየተናገረ ሳለ እኔ ከዚያች ጥያቄ ማለፍ አቃተኝ። እኔ ቦታውን አውቀው ነበር። በመዝገቡ ላይ በራሴ እጅ የተጻፈ ነው።

በማግሥቱ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ብስክሌት እየጠገኑ ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ለእሷ ነግረሃታል?» አሉኝ።

«አይ፤ መጀመሪያ ለእርስዎ ልንገር ብዬ...»

«ዶሮው የእኔ ነው፤ ስሟ ግን የእኔ አይደለም። ሂድ።»

የእሷ ቤት ከአየር ኃይሉ ሠፈር አለፍ ብሎ ነው። በጋሪ ሄድኩ፤ ቶሎ ላለመድረስ ብዬ ባጃጅ አልያዝኩም። በር ላይ ቆማ ሰማችኝ። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ማቴዎስ 5 ላይ መባህን ትተህ ሂድና ታረቅ የሚለውን ስንሰብክ፣ ወንድምህ በሩን ከፍቶ እንደሚያቅፈን አድርገን እናስበዋለን። እሷ አላቀፈችኝም። «ይቅር ብዬሃለሁ» አለች፤ ቆይታም፣ «ግን እማዬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብላ ነው የምታውቀው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ 'የጌታን ቤት ንብረት' እያለች ስታለቅስ ነበር» አለችኝ።

ስለዚህ ገባሁ። እናቷ ስንዴ እየለቀሙ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ነገር ደግሜ ተናገርኩ፤ ከሦስቱ ሁሉ የከበደኝ ይህኛው ነበር። ሴትዮዋ ሰፌዱን አስቀምጠው ልጃቸውን አዩና በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏት፤ እኔ ለመስማት አልበቃሁም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ እናትህ ታማለች አይደል የተባለው? አሁን እንዴት ናት?» አሉኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ይቅርታው ዋጋውን አላስቀረልኝም፤ ይህንን ደግሞ በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። 30 ብሩ ከክፍያዬ ላይ ተነሣ፤ በዘኬዎስ ሥርዓት አራት እጥፍ 120 ብር እንድመልስ የጠየቅሁት እኔ ራሴ ነኝ። የሞቱት ዶሮዎች ዋጋ ግን ከዚያ በጣም የበለጠ ነበር፤ ከእሱ ግማሹን በሥራ እንድከፍል ተወሰነ። ለእሷ በጉባኤ ፊት ስሟ እንዲነጻ አደረጉ፤ እኔም እዚያው ቆሜ ነበርኩ። ከሥራው አላባረሩኝም። ነገር ግን የምሠራው ሁሉ ወደ ዕዳው ስለሄደ የኮሌጁን ክፍያ መሸፈን አልቻልኩም። አንድ ሴሚስተር አቋረጥኩ። ጠዋት ዶሮ ቤት በነጻ፣ ቀን ገበያ ላይ ሸክም። ጓደኞቼ ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሡ እኔ አንድ ሴሚስተር ይቀረኝ ነበር። አንዳንድ ሰው ይህ ጨካኝ ነበር ይለኛል። እኔ እንዲያ አይሰማኝም፤ ኤፌሶን 4፥28ን ያኔ ነው በሥራ ያነበብኩት። ጳውሎስ የሰረቀ ሰው መስረቁን እንዲተው ብቻ አላዘዘም፤ በገዛ እጆቹ እንዲደክም፣ ለሌላውም የሚያካፍለው እንዲኖረው ይፈልጋል። ከሌባ ወደ ሰጪ። በመካከሉ ያለው ግን ሥራ ነው።

ነገር ግን የዚህ ሁሉ ትልቁ ለውጥ በእኔ ላይ የደረሰው አይደለም። ጋሼ በዚያው ሳምንት መዝገቡን ወደ ቤታቸው ወሰዱት። በማግሥቱ ሲመልሱት በማስመሪያ ተሰምሮ አንድ ዐምድ ተጨምሮበታል። በላዩ «ያላለቀ» ብለው ጽፈዋል።

«አውሮፕላን ስንጠግን» አሉኝ፣ «ከሁሉ የሚያስፈራን ያልተሠራ ነገር አልነበረም። ያልተሠራውን የሚቀጥለው ተረኛ ይሠራዋል። የሚያስፈራን ተሠራ ተብሎ የተፈረመ ያልተሠራ ነገር ነው። ይህ መዝገብ ሥራ ያልጨረሰ ልጅ የሚጽፍበት ቦታ አልነበረውም። ያ የእኔ ጥፋት ነው።»

ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም፤ ግን ተቀበሉት። በዚያ ዐምድ ለሚጽፍ ቅጣት የለም፤ ሰዓቱ ላይከፈለው ይችላል፣ ስድብ ግን የለም። ፈተና ያለበትም ሳምንቱን አስቀድሞ ያሳውቃል፤ ሌላው ይተካዋል። አሁን ባሉን ተማሪዎች ዘንድ ይህ ሕግ ስለሆነ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም።

ዛሬ በአንድ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ መዝገቡንም የምይዘው እኔ ነኝ። ጋሼ ዓይናቸው ደክሟል፤ ቢሆንም በወር አንድ ጊዜ አስነብበውኝ ያዳምጣሉ። ያቺ እህት ነርስ ሆና አዳማ ትሠራለች፤ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፤ የቅርብ ጓደኛሞች አልሆንም፣ እንሆናለን ብዬም አልጠብቅም። የመኖ ዋጋ ስለናረ ዶሮዎቹ ቀንሰዋል። በምትኩ ሁለት ልጆች የስብከት ቪዲዮ ያቀናብራሉ፤ አንዱ ደግሞ የአረጋውያንን የስልክ ጉዳይ ያስፈጽማል፤ ይህኛው ከሁሉ ተፈላጊው ሥራ ሆኗል። የሰዓቱ ተመን ተሻሽሏል፤ 10 ሰዓቱ አልተነካም። ከሌላ አጥቢያ መጥተው «እንዴት እንጀምር?» ለሚሉን የምንለው ጥቂት ነው፤ በነጻ የሚደረገውን አገልግሎት አትንኩ፣ ከጥናት ሰዓቱ ጀምራችሁ ቁጠሩ፣ ጥቂት ብር በእጁ ስጡት።

ያ ወጣት ከጠየቀኝ በኋላ ባለው ቅዳሜ መዝገቡን ልደምር ሄድኩ። የእሱ ተራ ዓርብ ከሰዓት ነበር። በ«የተሠራ ሥራ» ሥር ሦስት መሥመር ጽፏል፤ ጽሑፉ ይቸኩላል። በመጨረሻው ዐምድ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «የጀርባው ክፍል ሁለተኛው መጠጫ አልታጠበም። ሰኞ ፈተና አለብኝ።»

ከሦስት ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀንሶ ጽፏል።

ጃኬቴን በሩ ላይ ሰቅዬ ወደ ጀርባው ክፍል ገባሁ። መጠጫው ሥሩ አረንጓዴ ይዟል። በብሩሽ ፈተግሁት፣ ሞላሁትና ከጽሑፉ ጎን በትንሹ «ታጥቧል» ብዬ ጻፍኩለት።